ሣርም ያብባል፤ ክኩም የተሸሸገው ሌላ ቦታ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በሳይንስና በግብርና ዓምዶቻችሁ ላይ “ሣርና የብርዕ ሰብሎች አበባ የላቸውም” የሚል አባባል ደጋግሞ ይወጣል። አንዳንዴም “ስንዴ ባለ አንድ ክክ የተባለው ፍሬው እንደ ባቄላ ለሁለት ስለማይከፈል ነው” የሚል ማብራሪያ ይከተለዋል፤ ክክ ማለት በዘር ውስጥ ያለው የጽንሱ ቅጠል ነው። የመጀመሪያው ፍጹም ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን ግማሽ እውነት ስላለበት ከመጀመሪያው የባሰ ያሳስታል። ሁለቱንም በምላጭ፣ በመርፌና አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ማረጋገጥ ስለሚቻል፣ እርማቱ ከነማሳያው እንዲወጣ እንጠይቃለን።

ሣር ያብባል። የሣር ቤተሰብ ከ11 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሸንኮራ አገዳና ቀርከሃ ሁሉ እዚሁ ይመደባሉ፤ አንዳቸውም ያለ አበባ ፍሬ አይሰጡም። የጎደላቸው ጌጡ ነው። ንብ የሚጠብቅ አበባ ቀለም፣ ሽታና ማር ያስፈልገዋል። ሣር የአበባ ዱቄቱን የሚልከው በነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ቀለም አያይም፣ ሽታም አይከተልም። ስለዚህ ሣር ያን ሁሉ ትቶ ሁለት ነገር አዳበረ፤ እንደ ብናኝ የቀለለ ዱቄትና ያን ዱቄት ከአየር ላይ የሚያጠምድ ላባ።

ለማየት አንድ የስንዴ ዛላ ይበቃል፤ ወሳኙ የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። ዛላው ከመጨረሻው ቅጠል ሰገባ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ነገር ግን በጎኑ ምንም ቢጫ ነገር ሳይንጠለጠልበት መቆረጥ አለበት። ብዙ ሰው “ስንዴው አበበ” የሚለው ቢጫዎቹን ዘንጎች ደጅ ተንጠልጥለው ሲያይ ነው። እነሱ ግን ዱቄታቸውን ያራገፉ ባዶ ከረጢቶች ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የአበባው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አልቋል።

ዛላውን በጎን ሲያዩት መሃል ያለው ዘንግ ወዲያ ወዲህ የተጣጠፈ ነው፤ በየማጠፊያው ላይ አንድ ንዑስ ዛላ ተቀምጧል። ከመሃል አንዱን በጣት ወደ ታች ሲጫኑት ከነግርጌው ይላቀቃል። ከላይ ወይም ከታች ጫፍ አይወሰድ፤ ስንዴ ማበብ የሚጀምረው ከዛላው መካከል ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሄድ የጫፎቹ አበቦች ወይ ገና ጨቅላ ናቸው ወይ መካን። የተላቀቀውን በጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጦ አንድ ጠብታ ውሃ ማንጠባጠብ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ የሴቴዋ ላባ አይታይም፤ ያለ ውሃ ደግሞ ከየልባሱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ግራና ቀኝ ያቀፉት ሁለቱ ደረቅ ያሉ ልባሶች ግሉም ይባላሉ። እነዚህ የንዑስ ዛላው ካባ እንጂ የአበባ ክፍል አይደሉም። ሲነሱ በውስጣቸው ግራ ቀኝ እየተፈራረቁ የተደረደሩ በርካታ አበቦች ይወጣሉ፤ ከታች ያሉት ሁለቱ ትልልቆቹ ናቸው፣ ከላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ ፍሬ ሳይዙ ይቀራሉ። ከታች ያለው አንዱ ይወሰድ። በውጭ በኩል ጠንካራ፣ ጀልባ የመሰለ፣ ጢም ባለው ዝርያ ከጫፉ ጢሙ የሚወጣለት ልባስ አለ፤ ይህ ሌማ ነው። ከፊት ለፊቱ ስስ፣ ሁለት እጥፋት ያለው ሌላ ልባስ አለ፤ ፔሊያ ይባላል። መርፌውን በሁለቱ መካከል አስገብቶ ሌማውን ወደ ኋላ መገልበጥ ነው። ፔሊያውን የሚስብ ሰው ብዙ ጊዜ የወንዴ አካላቱን አብሮ ይነቅላቸዋል።

አሁን አበባው ተገለጠ። ሦስት ወንዴ አካላት በሦስት ቀጫጭን ክሮች ላይ ቆመዋል፤ የዱቄት ከረጢቶቻቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ድቡልቡል ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የያዘችው የሴቴ አካል፣ አለች፤ ከአናቷ ሁለት ነጫጭ ላባዎች ይበቅላሉ። ዱቄት ተቀባዮቹ ስቲግማዎች እነዚህ ላባዎች ናቸው። የአበባ ቅጠሎቹስ የት ሄዱ የሚል ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በኦቫሪዋ ግርጌ፣ በሌማው በኩል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው ሁለት ውሃ የመሰሉ ቅርፊቶች አሉ፤ ሎዲኩል ይባላሉ። በሌላ አበባ የአበባ ቅጠል የሚሠሩት ዓይነት ጂኖች በሣር ውስጥ ሎዲኩልን እንደሚሠሩ በሩዝና በበቆሎ ላይ ተረጋግጧል። የሣር አበባ ቅጠል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከማጌጥ ወጥቶ በር ከፋች ሆኗል።

በር ከፋችነቱ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ሎዲኩሎቹ በሰዓቱ ውሃ ስበው ያብጡና ሌማውን ከፔሊያው ገፍተው ያላቅቁታል። ክሮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ተመዘው ከረጢቶቹን ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ ላባዎቹም ይዘረጋሉ። ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ አንድ ሰዓት እስኪሞላ ባለው ጊዜ ውስጥ ሎዲኩሎቹ ይኮማተሩና በሩ ይዘጋል፤ ከረጢቶቹ ደጅ ቀርተው ይንጠለጠላሉ። በስንዴ አብዛኛው ዱቄት በሩ ከመከፈቱ በፊት ወይም በሚከፈትበት ቅጽበት በዚያው አበባ ላባ ላይ ስለሚራገፍ፣ ከሌላ ተክል ጋር የሚዳቀለው ጥቂቱ ብቻ ነው።

አዳቃዮች የሚሳሳቱትም በዚሁ ሰዓት አቆጣጠር ነው። እናት የሚሆነው ዛላ ከረጢቶቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ መዘጋጀት አለበት፤ ከየንዑስ ዛላው የመሃሎቹ አበቦች ይነቀላሉ፣ በጎን የቀሩት የሁለቱ አናት ይቆረጣል፣ ከዚያም ሦስቱም ከረጢቶች በወረንጦ ይወጣሉ። ሁለት አውጥቶ ሦስተኛውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ውጤቱም በራሱ የተዳቀለ ፍሬ ነው። ከረጢቱ ወደ ቢጫ ካደላ ሲነካ ይፈነዳል፤ ያን አበባ መጣል ይሻላል። ዛላው በወረቀት ከረጢት ተሸፍኖ ከ2 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ላባዎቹ በደንብ ሲከፈቱ የአባቱ ዱቄት ይነሰነስበታል። የስንዴ ዱቄት ዕድሜው አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት የቆየ ዱቄት ብዙም ተስፋ አይጣልበትም።

ዱቄት ያላገኘ አበባ ራሱን ያጋልጣል። ኦቫሪዋ ታብጣለች፣ አበባው እንደገና ይከፈትና ዱቄት ከደጅ ሲጠብቅ ይቆያል። ዛላው ወደ ፀሐይ ሲያዙት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ልባሶቹ የተበረገዱ ሆኖ ከታየ ፍሬ አልያዘም ማለት ነው። በማበቢያ ሰሞን የወረደ ውርጭ ወይም በአፈር ውስጥ የቦሮን እጥረት እንዲህ ያደርጋል፤ ሁለቱም የሚመቱት በዋናነት ወንዴውን ወገን ነው። አበባውን ከፍተው ከረጢቶቹ ነጥተውና ተጨማድደው ካገኟቸው መንስኤው ከዚያ አይርቅም። “አበባ የለውም” ብሎ የተማረ ሰው ግን መክፈት እንኳ አያስብም።

ይህ መሠረታዊ አሠራር ከሰብል ሰብል ይለያያል። ገብስ በየማጠፊያው ባለ አንድ አበባ የሆኑ ሦስት ንዑስ ዛላዎች አሉት፤ ሦስቱም ፍሬ ከያዙ ባለ ስድስት ረድፍ፣ የመሃሉ ብቻ ከያዘ ባለ ሁለት ረድፍ ይባላል። ሌማውና ፔሊያው በአብዛኛው ዝርያ ከፍሬው ቆዳ ጋር ስለሚጣበቁ ሲወቃ አይላቀቁም። ሩዝ ስድስት ወንዴ አካላት አሉት፤ “የሣር አበባ ሁልጊዜ ሦስት ነው” የሚለውን ደንብ ያፈርሰዋል። ብዙ የቀርከሃ ዓይነቶችም እንዲሁ ስድስት ወንዴና ሦስት ሎዲኩል ይዘው ይገኛሉ።

በቆሎ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አበባውን ሁሉም ያየዋል፣ አበባ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከአናቱ የሚዘረጋው ጭራ የወንዴ አበቦች ክምችት ነው። ከጎን የሚወጣው ራስ ደግሞ የሴቴ አበቦች ስብስብ ነው፤ ቆረቆንዳው የዛላው ዘንግ መሆኑ ነው። ንዑስ ዛላዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚበቅሉ የፍሬው ረድፍ ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ነው፤ 12፣ 14፣ 16 እያለ ይሄዳል። 13 ረድፍ የቆጠረ ሰው እንደገና ይቁጠር፤ አንድ ረድፍ መሃል ላይ ሲቋረጥ ነው እንዲህ የሚያሳስተው።

ከራሱ ጫፍ የሚወጣው እያንዳንዱ ጸጉር ለአንዲት ፍሬ ብቻ የተመደበ ዱቄት ተቀባይ ነው። አንድ ጸጉር ዱቄት ካላገኘ አንዲት ፍሬ ትጎድላለች፤ በዚህ ድርድር የለም። ዱቄቱ በጸጉሩ ላይ ሲያርፍ ቱቦ ያወጣና በጸጉሩ ውስጥ ቁልቁል ተጉዞ አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው እንቁላሏ ዘንድ ይደርሳል። ቀድመው የሚወጡት ከራሱ ግርጌ ያሉት ፍሬዎች ጸጉሮች ናቸው፤ የጫፎቹ መጨረሻ ይወጣሉ። ድርቅ ሲመጣ ጸጉሩ ይዘገያል፣ ጭራው ግን ቀኑን አይለውጥም። የጫፎቹ ጸጉሮች ሲደርሱ ዱቄቱ ስላለቀ ጫፉ ባዶ የሆነ በቆሎ ይታጨዳል። ጥፋቱ ሁሉ በማዳበሪያ ላይ ባይላከክ ጥሩ ነው።

ምን ያህሉ ፍሬ እንደያዘ እህሉ ሳይሞላ ማወቅም ይቻላል። ጸጉሩ ከወጣ ሳምንት ገደማ ሲሆነው አንድ ራስ ይወሰድ፤ ሽፋኑ ከላይ እስከ ታች በቢላ በርዝመቱ ተሰንጥቆ፣ ጸጉሩ ሳይነካ በጥንቃቄ ይገለጥ። ከዚያ ራሱን ቀስ ብሎ ማራገፍ። ፍሬ ከያዘችው እንቁላል ላይ ጸጉሩ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚላቀቅ ይረግፋል፤ ዱቄት ያላገኘው ተጣብቆ ይቀራል። ሽፋኑን በችኮላ የቦጨቀ ሰው ሁሉንም ጸጉር አብሮ ስለሚነቅል የደስታ ውጤት ያገኛል፤ ውጤቱ ግን ሐሰት ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ ጸጉር ዱቄት እስኪያገኝ ድረስ ማደጉን አያቆምም። ከመጠን በላይ የረዘመ ጺም የያዘ በቆሎ ውበት ሳይሆን ረሃብ ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ ክኩ። ባቄላ ሲዘፈዘፍ ለሁለት የሚከፈለው ሁለቱ ክኮች ምግብ የያዙ የጽንሱ ቅጠሎች ስለሆኑ ነው። በስንዴ ፍሬ ውስጥ ያለው ነጩ ዱቄታም ክፍል ግን ክክ አይደለም፤ እንዶስፐርም የሚባል የተለየ አካል ነው። ሆዱ ላይ ያለው ስንጥቅም የሁለት ክክ መጋጠሚያ አይደለም፤ ፍሬው በፔሊያው በኩል ወደ ውስጥ የታጠፈበት ቦታ ነው። ክኩን ለማግኘት ፍሬውን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያም በስንጥቁ በኩል በርዝመቱ እኩል ለሁለት መቁረጥ ነው። በጀርባው ግርጌ፣ በጽንሱና በነጩ ዱቄት መካከል፣ ጋሻ የመሰለ ስስ ሽፋን ይታያል። ስኩቴለም ይባላል፤ የስንዴው ብቸኛ ክክ እሱ ነው። አረንጓዴ አይሆንም፣ ከአፈር አይወጣም፤ ሥራው ከእንዶስፐርሙ ስኳር እየመጠጠ ለጽንሱ ማሻገር ነው። ሽንኩርትም ባለ አንድ ክክ ነው፤ የእሱ ክክ ግን እንደ ቀለበት ታጥፎ አረንጓዴ ሆኖ ከአፈር በላይ ይወጣል። ፍሬ መከፈልና አለመከፈል እንግዲህ መለያ ሊሆን አይችልም።

“ዘር” የምንለው የስንዴ ቅንጣት ራሱ በዕፅዋት ሳይንስ አጠራር ፍሬ ነው፤ የፍሬው ቆዳና የዘሩ ቆዳ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። እንዶስፐርሙ የሚፈጠረውም በራሱ ሁለተኛ ጽንሰት ነው፤ አንዱ ወንዴ ሕዋስ እንቁላሏን ሲያገኝ ሁለተኛው የእንዶስፐርሙን መነሻ ያገኛል። ይህን ድርብ ጽንሰት ሰርጌይ ናቫሺን እ.ኤ.አ. በ1898 ያገኘው በሊሊ ቤተሰብ ዕፅዋት ላይ ነበር፤ እነሱም ባለ አንድ ክክ ናቸው።

የጽንሱ አሠራር የመዝሪያ ጥልቀትን ይወስናል። የስንዴ የመጀመሪያ ቅጠል አፈር ሰንጥቆ የሚወጣው ኮሊዮፕታይል በሚባል ሹል ሰገባ ውስጥ ተሸፍኖ ነው። ሰገባው እንደ ዝርያው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ቁመታቸው እንዲያጥር የተዳቀሉ ብዙ ዝርያዎች ደግሞ ሰገባቸውም አጭር ነው። ዘሩ ከዚያ በታች ከወረደ ቅጠሉ አፈር ውስጥ ሳለ ከሰገባው ይወጣና እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይሞታል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለአብዛኛው ይበቃል። ሳይበቅል የቀረን ማሳ “ዘሩ ሞቷል” ከማለት በፊት ቆፍሮ ማየት ይሻላል፤ ተጣጥፎ የቀረ ቢጫ ቅጠል ከተገኘ ዘሩ ደህና ነበር።

ግንዱን በተመለከተ ባጭሩ። አረንጓዴ የበቆሎ አገዳ በርጥብ ምላጭ አግድም፣ ሳያዘነብሉ፣ ወረቀት በሚያህል ስስነት ሲቆረጥ በመላ ገጹ የተበተኑ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ወደ ልጡ ሲጠጉ ይበዛሉ። እነዚህ ውሃና ምግብ የሚያጓጉዙ የቱቦ ጥቅሎች ናቸው። አገዳውን ቆርጦ ለጥቂት ሰዓት ቀይ ቀለም በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ማቆም ጥቅሎቹን በግልጽ ያወጣቸዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱ ጥቅል ፊት ይመስላል፤ ሁለቱ ትልልቅ የውሃ ቱቦዎች ዓይን፣ ወደ መሃል ያለው ክፍተት አፍ፣ ወደ ልጥ ያለው ፍሎየም (ምግብ አጓጓዡ ክፍል) ግንባር ናቸው። የጎደለው በዛይለሙ (በውሃ አጓጓዡ ክፍል) እና በፍሎየሙ መካከል የሚቀመጠው፣ ግንድ የሚያወፍረው ካምቢየም ነው። ዛፍ በየዓመቱ የሚወፍረው በእሱ ስለሆነ፣ ባለ አንድ ክክና ካምቢየም የሌለው ዘንባባ የዕድሜ ቀለበት የለውም፤ ግንዱ ላይ የተመታ ሚስማር ቀዳዳም ዕድሜ ልኩን አይሽርም። ማዳቀልም፣ ማለትም ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ መትከል፣ ለረጅም ጊዜ አይቻልም ሲባል የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ግን የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በጽንስ ደረጃ ያለ ሕብረ ሕዋስ ተጠቅመው በስንዴና በሌሎች ባለ አንድ ክክ ዕፅዋት መካከል እንደሚሠራ አሳይተዋል።

ሣር ታጭዶ የሚያገግመው እድገቱ ከጫፍ ሳይሆን ከቅጠሉና ከአንጓው ግርጌ ስለሚነሳ ነው። ምስክር የሚሻ ሰው አንድ ወጣት ቅጠል በመቀስ ቀጥ አድርጎ ይቁረጥና በየቀኑ ይመልከት፤ ቀጥ ያለው ቁርጥ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ዳግም አይሾልም። ነፋስ የጣለው ስንዴ ቀና የሚለውም በአንጓው ላይ ያለው የሰገባ ግርጌ በታችኛው ጎኑ ስለሚረዝም ነው፤ ሰብሉ ሲያረጅ ግን ይህ ችሎታ ያልፋል።

ቅጠል ላይ ደግሞ ብዙ ገበሬና ባለሙያ የሚፈልገው መለያ ተደብቋል፤ የዛላ ጊዜ ሳይደርስ አረሙን ከሰብሉ የሚለይ። ቅጠሉ ከሰገባው በሚገናኝበት ቦታ ወደ ኋላ ይገልበጥ። ገብስ ግንዱን አቅፈው የሚደራረቡ ረጃጅም፣ ጸጉር የሌላቸው ሁለት “ጆሮዎች”፣ ማለትም የቅጠሉ ግርጌ ቅጥያዎች፣ አሉት። የስንዴ ጆሮዎች አጫጭርና ጫፋቸው ጸጉራም ነው። ሲናርና አጃ ጆሮ የላቸውም፤ ነገር ግን ሊጉል የሚባለው ነጭ ስስ ሽፋን ከፍ ብሎ ይታያል። በሩዝ ማሳ ሩዝ ጆሮም ሊጉልም አለው፤ እሱን የሚመስለው የኢኪኖክሎአ አረም አንዱም የለውም። ግንዱ በጣት ሲሽከረከር ሦስት ማዕዘን ከሆነና ቅጠሎቹ በሦስት ረድፍ ከወጡ ደግሞ ተክሉ ሣር ሳይሆን የቄጠማና የደንገል ወገን ነው። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው የሣር አረም መድኃኒት ቄጠማ ላይ ረጭቶ ገንዘቡን ያጣል። ቱ-ፎር-ዲን የመሳሰሉ ሰፋፊ ቅጠል ገዳዮችም ስንዴን አይገድሉም ማለት በማንኛውም ጊዜ ይረጫሉ ማለት አይደለም፤ የጎን ቡቃያዎቹ ሳይወጡ ወይም ዛላው ሰገባ ውስጥ ሳለ ከተረጨ የተጣመመ ዛላና ባዶ አበባ ያስከትላል።

በመጨረሻም ከጽሑፎቹ ጋር ስለሚወጡት ሥዕሎች። የሣር አበባ ሲሳል ግሉሞቹ “የአበባ ቅጠል” ተብለው ይሰየማሉ፤ ሎዲኩሎቹ ከነጭራሹ አይሳሉም። የስንዴ ፍሬ ሲሳል ደግሞ “ክክ” የሚለው ቀስት ነጩ ዱቄት ላይ ያርፋል። ቀስቱ ወደ ስኩቴለም ይዙርልን፤ ግሉምም በስሙ ይጠራ፤ ሁለቱ ሎዲኩሎችም በሌማው በኩል፣ ከኦቫሪዋ ግርጌ፣ ይሳሉ።

ከአክብሮት ጋር
የዕፅዋት ሥነ አካል መምህራን